የሳን ስዊች ፖርቶችን በምን እንከታተል? ከኮምቦልቻ ሰርቨር ክፍል የተጻፈ የንጽጽር መመሪያ

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መስኮት ፊት ቆሞ የማያውቅ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ ኔትወርክ ጠፍቷል ብሎ ይመለሳል፤ የኔትወርክ ባለሙያው መስመሩ ደህና ነው ይላል፤ የዳታቤዝ ባለሙያዋ ሰርቨሩ ሥራ እንዳልበዛበት በስክሪን ታሳያለች፤ ጥያቄው ተንከባልሎ ተንከባልሎ በመጨረሻ የሚያርፈው በሰርቨሮቹና በስቶሬጁ መካከል በተቀመጠው፣ መብራቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ በሆነውና ማንም ዞር ብሎ በማያየው የፋይበር ቻናል ስዊች (ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ ጋር የሚያገናኘው፣ ሳን የሚባለው ኔትወርክ ስዊች) ላይ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ስዊች በኃላፊነት ለያዙና የፖርቶቹን አፈጻጸም በየትኛው መንገድ መከታተል እንደሚሻላቸው መወሰን ላለባቸው ባለሙያዎች ነው።

ምክሬ የሁለት ወይም የአራት ስዊች ባለቤት የሆነን፣ ሁለት ሦስት ባለሙያ ብቻ ያለውን፣ መብራት አልፎ አልፎ የሚጠፋበትንና የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ግዢ ረጅም ደጅ ጥናት የሚያስከትልበትን ተቋም ታሳቢ ያደረገ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። በመቶ የሚቆጠሩ ስዊቾች ያሉት የመረጃ ማዕከል የሚያስተዳድር ሰው በአንዳንዱ ፍርዴ ላይስማማ ይችላል።

ከመምረጥ በፊት፦ የትኛውን ቁጥር ነው የምንፈልገው?

መሣሪያ ማወዳደር የሚጀመረው ከመሣሪያው ሳይሆን ከቁጥሩ ነው። አንድ የስዊች ፖርት የሚሰጠን ቁጥር በሦስት ይከፈላል፦ ስንት መረጃ አለፈ የሚለው የፍሰት ቁጥር፣ ስንቱ ተበላሽቶ ደረሰ የሚለው የስሕተት ቁጥር፣ እና ለማስተላለፍ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ስንት ጊዜ ቆሞ ጠበቀ የሚለው የጥበቃ ቁጥር ናቸው። አብዛኞቹ ግራፎች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ እኔ ባየሁት መጠን ግን ባለጉዳይን ወረፋ ላይ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያስቡ። አንድ ሰው ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ቢቆጥርና በሰዓት ጥቂት ብቻ ቢያገኝ፣ መንገዱ ጭር ያለ ስለሆነ ይሁን ወይስ አንድ መኪና ከታች ተበላሽቶ መቶውን ስላስቆመ ይሁን ከቁጥሩ ሊያውቅ አይችልም። የፍሰት ግራፍም እንዲሁ ነው።

በፋይበር ቻናል የጥበቃው ምክንያት ክሬዲት የሚባለው አሠራር ነው። ተቀባዩ ወገን ስንት ፍሬም (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) ማስቀመጫ ቦታ እንዳለው ገና ግንኙነቱ ሲጀመር ለላኪው ይነግረዋል፤ ላኪው አንድ ፍሬም በላከ ቁጥር ከክሬዲቱ አንድ ይቀንሳል፤ ተቀባዩ ቦታውን ባስለቀቀ ቁጥር አንድ ይመልስለታል፤ ክሬዲቱ ዜሮ ሲሆን ላኪው ይቆማል እንጂ እንደ ተራው ኢተርኔት ፍሬሙን ወደ ተጨናነቀው ወገን ልኮ እንዲጣል አያደርግም። ስለዚህ አንድ የደከመ ሰርቨር ክሬዲት መመለስ ሲያዘገይ ጥበቃው ወደ ኋላ ይመለስና በስዊቾቹ መካከል ባለው የጋራ መስመር ላይ ምንም ያላጠፉ ሌሎች ሰርቨሮችን ይይዛል። በብሮኬድም ሆነ በሲስኮ ኤምዲኤስ ስዊቾች ላይ ይህን ጥበቃ የሚመዘግብ ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪው አንድ የሚጨምረው ፖርቱ ክሬዲት አጥቶ በቆመበት በየ2.5 ማይክሮሰከንዱ ነው። የሚወዳደሩትን መንገዶች የምመዝነው በዋናነት ይህን ቆጣሪ ያሳዩኛል ወይስ አያሳዩኝም በሚለው ነው።

የትእዛዝ መስመር

የመጀመሪያው አማራጭ ወደ ስዊቹ ገብቶ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ወጪ የለውም፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚሰጠውም ቁጥር ከምንጩ ነው። በብሮኬድ «ፖርትፐርፍሾው» የየፖርቱን ፍሰት በየሰከንዱ ያሳያል፤ «ፖርትኤርሾው» የስሕተቶችን ሰንጠረዥ ይዘረጋል፤ «ፖርትስታትስሾው» የአንድን ፖርት ቆጣሪዎች አንድ በአንድ ያወጣል፤ «ኤስኤፍፒሾው» የኤስኤፍፒውን፣ ማለትም ፖርቱ ላይ ተሰክቶ ብርሃን የሚልከውንና የሚቀበለውን ትራንሲቨር፣ የብርሃን ኃይል ይነግራል። በሲስኮ በኩል «ሾው ኢንተርፌስ ካውንተርስ»ና የትራንሲቨሩን ዝርዝር የሚያወጣው ትእዛዝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ «ፖርትፐርፍሾው» ያለ ተጨማሪ ምርጫ ሲጻፍ የሚያሳየው የመላኪያና የመቀበያው ድምር ስለሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 800 ሜጋባይት ገደማ የሚሸከም ባለ 8 ጊጋቢት ፖርት 900 ሲያሳይ «ከአቅሙ በላይ ሠራ» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ የስሕተቱ ሰንጠረዥ ትልልቅ ቁጥሮችን አሳጥሮ ስለሚጽፍ 1.2 ሚሊዮን የሚል ቆጣሪ ላይ አምስት መቶ አዲስ ስሕተት ቢጨመር ሰንጠረዡ አይለወጥም። ስለዚህ ወይ የተናጠሉን ትእዛዝ መጠቀም፣ ወይ ቆጣሪዎቹን አጽድቶ ከዜሮ መጀመር ይገባል። ማጽዳትም ቢሆን ጦስ አለው፤ ሌላ የክትትል ሶፍትዌር ያንኑ ቆጣሪ እያነበበ ከሆነ ግራፉ ሊሰበር ስለሚችል፣ ከማጽዳት በፊት የነበረውን ውጤት በፋይል አስቀምጦ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ግድ ነው።

የስሕተት ሰንጠረዡን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና ጥቂት ልቆይበት። የሲአርሲ ስሕተት ፍሬሙ በመንገድ ላይ መበላሸቱን ይናገራል፤ ግን የተበላሸው እዚሁ ገመድ ላይ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ተበላሽቶ መጥቶ በዚህ በኩል ብቻ እያለፈ ነው? ስዊቹ የተበላሸ ፍሬም ሲያገኝ የፍሬሙን መጨረሻ ምልክት ቀይሮ ስለሚያሳልፈው፣ ምልክቱ ገና ደህና ሳለ የተገኘ የሲአርሲ ስሕተት ለብቻው ይቆጠራል፤ ይህ ለብቻው የሚቆጠረው ዓምድ ያደገበት ፖርት የችግሩ መነሻ ሲሆን፣ አጠቃላዩ ዓምድ ብቻ ያደገበት ፖርት ግን የሌላውን ጉድ ተሸካሚ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ጤነኛ ገመድ ሲቀያይር ይውላል። ከፍሬም ውጭ የሚቆጠረው የኢንኮዲንግ ስሕተት ደግሞ ሰርቨር ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ስለሚዘል፣ ብቻውን ሲታይ ብዙ አያስደነግጥም፤ ሰርቨሩ ሳይነካ ቀን ከቀን የሚያድግ ከሆነ ግን ገመዱን ወይም ኤስኤፍፒውን መጠርጠር ነው።

የትእዛዝ መስመር ዋና ድክመት ትዝታ የሌለው መሆኑ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ስዊቹ ዳግም ከተነሣ ደግሞ ቆጣሪው ሁሉ ዜሮ ነው። እኛ ዘንድ ዩፒኤሱ ደክሞ በነበረበት ወቅት፣ ችግሩ በተፈጠረ ማግስት ማስረጃው ሁሉ ከስዊቹ ጋር አብሮ ጠፍቶ ያገኘንባቸው ጊዜያት ነበሩ።

የስዊቹ የራሱ ድረ ገጽ

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ለአዲስ ሠራተኛ ስዊቹን ለማስተዋወቅና ለአለቃ ሥዕል ለማሳየት ይጠቅማል። በቆዩ ስዊቾች ላይ ድረ ገጹ ጃቫ ስለሚፈልግ በዛሬ ብራውዘር መክፈቱ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግራፉም መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ለክትትል አልመርጠውም።

ስዊቹ ራሱ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ

ሦስተኛው አማራጭ ስዊቹ የራሱን ቆጣሪዎች ከተወሰነ ገደብ ጋር እያስተያየ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ ነው። በብሮኬድ ይህ ማፕስ የሚባለው ሲሆን፣ ቀደም ሲል የነበረውን ፋብሪክ ዎች የተካና ለዘብተኛ፣ መካከለኛና ጥብቅ የሆኑ ሦስት የተዘጋጁ ፖሊሲዎች ይዞ የሚመጣ ነው፤ ሙሉ አገልግሎቱን ለማግኘት ግን የፋብሪክ ቪዥን ፈቃድ ያስፈልጋል። በሲስኮ ኤምዲኤስ ላይ ፖርት ሞኒተር የሚባለው ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ የመውጫና የመውረጃ ገደብ እንዲሁም የመለኪያ ጊዜ ይሰጠዋል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥንካሬ ቅርበቱ ነው። ከውጭ ሆኖ በየደቂቃው የሚጠይቅ ሶፍትዌር የማያያትን የአንዲት ሰከንድ መጨናነቅ ስዊቹ ከውስጥ ሆኖ ሊያያት ይችላል፤ የክትትል ሰርቨሩ ቢወድቅ እንኳ መዝገቡ በስዊቹ ላይ ይኖራል። ፈቃዱ ከስዊቹ ጋር ተገዝቶ ከመጣ ያለማመንታት ይጠቀሙበት፤ ብዙ ተቋማት ከፍለውበት ሳያበሩት የተቀመጠ ሆኖ አይቻለሁና መጀመሪያ የፈቃዱን ዝርዝር አውጥቶ ማየት ነው።

ነገር ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማፕስም ሆነ ፖርት ሞኒተር ገደቡን ያለፈ ፖርት ራሳቸው እንዲዘጉት ማዘዝ ይቻላል። በትልቅ ፋብሪክ (እርስ በርስ በተያያዙ ስዊቾች መረብ) ይህ ብልህነት ነው፤ እንደኛ እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት መንገድ ብቻ ባለው ቦታና ሁለተኛው መንገድ በእርግጥ መሥራቱን ካረጋገጡ ወራት ባለፉበት ሁኔታ ግን፣ ስዊቹ አንድ ገመድ ሲዘጋ ሰርቨሩ ከነዳታቤዙ ሊወድቅ ይችላል። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እርምጃው መዝገብና ኢሜይል ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ከፍሰት ገደብ ጋር የተያያዘ ነው። 80 በመቶ የሞላ ፖርት ሁሉ እንዲያስጠነቅቅ ከተደረገ ባክአፕ በሚሠራበት ሌሊት ሁሉ መልእክት ይጎርፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያው መልእክቱን ሳያነብ መሰረዝ ይጀምራል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያም ከነዚያው ጋር አብሮ ይሰረዛል። የፍሰቱን ገደብ ላላ አድርጎ የጥበቃውንና የስሕተቱን ጠበቅ ማድረግ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በኤስኤንኤምፒ ወደ ነፃ የክትትል ሶፍትዌር መሰብሰብ

አራተኛውና በእኔ ፍርድ ለአብዛኞቻችን የሚስማማው መንገድ፣ አንድ የክትትል ሰርቨር የስዊቾቹን ቆጣሪዎች በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ቁጥር ከሩቅ የሚጠየቅበት የመግባቢያ ደንብ) እየጠየቀ እንዲያከማች ማድረግ ነው። ዛቢክስ፣ ሊብሬኤንኤምኤስና ካክታይ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ፕሮሚቴየስና ግራፋናን አጣምረው የሚጠቀሙም አሉ። ታሪኩ ከስዊቹ ውጭ ስለሚቀመጥ መብራት ጠፍቶ ስዊቹ ቢነሣም ያለፈው ወር ግራፍ አይጠፋም።

ሶፍትዌሮቹን ከመምረጥ በላይ የሚያሳስበው የሚነበበው ቆጣሪ የትኛው እንደሆነ ነው። ባይት የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4.29 ጊጋባይት ገደማ ላይ ሲደርስ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ በሰከንድ 800 ሜጋባይት በሚያልፍበት ፖርት ላይ ይህ የሚሆነው በአምስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ነው። በየደቂቃው የሚያነብ ሶፍትዌር ቆጣሪው አሥራ አንድ ጊዜ እንደዞረ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው የሚሥለው ግራፍ ውብ ቢሆንም ሐሰት ነው። ስለዚህ በስማቸው ውስጥ «ኤችሲ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ባለ 64 ቢት ቆጣሪዎች መምረጥ ግዴታ ነው፤ እነሱን ለማንበብ ደግሞ የኤስኤንኤምፒ ስሪት ቢያንስ 2ሲ መሆን አለበት። 2ሲ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚልክ፣ ስዊቹ የሚፈቅድ ከሆነ ስሪት 3ን መጠቀም ይመረጣል። የጥበቃው ቆጣሪ ግን ባለ 32 ቢት ቢሆንም አያሰጋም፤ ፖርቱ ያለ አንዳች ፋታ ቆሞ ቢውል እንኳ ለመዞር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስድበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው በየስንት ጊዜው እናንብብ የሚለው ነው። ካክታይና ሊብሬኤንኤምኤስ ሲጫኑ የሚመጡት በየአምስት ደቂቃው እንዲያነቡ ሆነው ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋቢት ፖርት ለ20 ሰከንድ በሙሉ አቅሙ፣ ማለትም በሰከንድ 1,600 ሜጋባይት፣ ቢሠራና በቀሪው ጊዜ ጸጥ ቢል፣ የአምስት ደቂቃው አማካይ 107 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ግራፉን ያየ ሰው ፖርቱ ሰባት በመቶ እንኳ አልሞላም ይላል፤ በነዚያ 20 ሰከንዶች መስኮት ፊት የቆመው ባለጉዳይ ግን ሌላ ይላል። አንድ ደቂቃ ተመጣጣኝ ነው። እያንዳንዳቸው 24 ፖርት ባላቸው ሁለት ስዊቾች ላይ ከየፖርቱ ስምንት ቆጣሪ በየደቂቃው ቢነበብ በቀን 552,960 ቁጥር ይከማቻል፤ በዛቢክስ አንድ ቁጥር ወደ 90 ባይት እንደሚይዝ ቢታሰብ በቀን 50 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተርም አይከብደውም።

በሶፍትዌሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው መረጃው ሲያረጅ ነው። በካክታይና በሊብሬኤንኤምኤስ ሥር ያለው አርአርዲቱል ፋይሉ እንዳያድግ የቆየውን መረጃ እያጠቃለለ ስለሚሄድ፣ ከወራት በኋላ የሚቀረው ሰፊ የአማካይ መስመር ነው፤ ከፍተኛውም እንዲቀመጥ ካልተዋቀረ ጫፎቹ ይጠፋሉ። ዛቢክስ የየሰዓቱን ዝቅተኛ፣ አማካይና ከፍተኛ ለብቻ ለብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ባለፈው ዓመት በጀት መዝጊያ የነበረውን ጫፍ ዘንድሮ ማየት ይቻላል። በዚህና የማስጠንቀቂያ ደንቦቹ ጠንካራ በመሆናቸው ዛቢክስን አስቀድማለሁ። ሊብሬኤንኤምኤስ ግን ስዊቹን ራሱ አግኝቶ ፖርቶቹን ራሱ ስለሚዘረዝር፣ ለማዋቀር ጊዜ የሌለው ሰው በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሥራ ያስጀምረዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የትኛውም ቢመረጥ የክትትል ሰርቨሩ ዲስክ በሚከታተለው ስቶሬጅ ላይ እንዳይሆን። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ወደ ቨርቹዋል ሰርቨር በሚገባበት ዘመን እኛም ተሳስተንበታል። ሳኑ ሲቆም ተመልካቹም አብሮ ቆመ፤ ግራፉ ላይ የቀረልን በትክክል ችግሩ በነበረበት ሰዓት ላይ ያለ ባዶ ቦታ ነበር። የራሱ ዲስክ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በዩፒኤስ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ማስጠንቀቂያውንም በቴሌግራም ብቻ ማድረግ አያስተማምንም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን የሚደርሰው አጭር የስልክ መልእክት ስለሆነ፣ ዛቢክስ ከሲም ካርድ ሞደም ጋር መሥራቱን ያስታውሱ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ንጽጽሩን በቅርብ ለማሳየት ከራሳችን ቤት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከደሴው ቢሮ የዳታቤዝ ባለሙያዋ ደውላ «ወንድምዓለም፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ተኝቷል» አለችኝ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ግራፉን ከፍቶ ነበርና «ጋሼ፣ ሠላሳ በመቶ እንኳ የሞላ ፖርት የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ያኔ የምንሰበስበው ፍሰት ብቻ ነበር።

ወደ ስዊቹ ገብተን የጥበቃውን ቆጣሪ በየፖርቱ አነበብን፤ አንድ ደቂቃ ጠብቀን ደግመን አነበብን። በአብዛኞቹ ፖርቶች ላይ ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ወደ አንድ የሪፖርት ሰርቨር በሚሄደው ፖርት ላይ ግን 9,600,000 ነበር። ይህን በ2.5 ማይክሮሰከንድ ስናባዛ 24 ሰከንድ ይሆናል፤ ይኸውም ፖርቱ ከ60 ሰከንድ ውስጥ 24ቱን ቆሞ ነው ያሳለፈው። ፍሰቱ በሰከንድ 200 ሜጋባይት አይደርስም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ትርጉም የሚሰጡት፦ ጥበቃ በዝቶ ፍሰቱም ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ፖርቱ ጠበበ ማለት ነበር፤ ጥበቃ በዝቶ ፍሰቱ ትንሽ ከሆነ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር የሚመጣለትን መቀበል አቅቶታል ማለት ነው። ሰርቨሩ ሲታይ ሜሞሪው አልቆ ከሜሞሪ ወደ ዲስክ በመገልበጥ ተጠምዶ ተገኘ፤ በ8 ሰዓት የሚጀምር ከባድ ሪፖርት ነበረው። ሪፖርቱ ወደ ሌሊት ሲዛወር የደሴው ስልክ ጸጥ አለ። ስዊች ለመቀየር ተጀምሮ የነበረው የግዢ ጥያቄም በዚያው ቀረ።

በነገራችን ላይ ያ «8 ሰዓት» ራሱ ግማሽ ሰዓት አባክኖብናል። ባለሙያዋ የነገረችኝ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ 14:00 ብሎ መዝግቦታል፤ ስዊቹ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ስለቀረ 11:00 ብሎ ጽፎታል። ሦስት መዝገብ፣ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ክስተት። ማንኛውንም የክትትል መንገድ ከመጀመር በፊት ስዊቾቹን ሁሉ ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር ማገናኘትና የሰዓት ክልላቸውን አንድ ማድረግ ይገባል።

የአምራቹ የአስተዳደር ሶፍትዌር

አምስተኛው አማራጭ የአምራቹን ሙሉ የአስተዳደር ሶፍትዌር መግዛት ነው። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2017 ብሮኬድን ከጠቀለለ በኋላ ኔትወርክ አድቫይዘርን በሳንናቭ የተካ ሲሆን፣ ሲስኮም ዲሲኤንኤም ይባል የነበረውን ወደ ኔክሰስ ዳሽቦርድ አዛውሯል። እነዚህ የሚሰጡት ሌሎቹ የማይሰጡት ነገር አላቸው፤ መላውን ፋብሪክ በካርታ ያሳያሉ፣ የየትኛው ሰርቨር ጥያቄ ከየትኛው ስቶሬጅ ስንት ጊዜ ወስዶ እንደተመለሰ አዳዲስ ስዊቾች ላይ ይለካሉ፣ የዞን (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንዲያይ የሚወስነው ክፍፍል) ለውጥንም ከአንድ ቦታ ያስተዳድራሉ።

ዋጋቸውስ? ፈቃዱ በዶላር ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ቀደም ሲል የተያዘ በጀት ዛሬ አይበቃም፤ ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ወጪው አንድ ጊዜ የሚያልፍ አይደለም። ሶፍትዌሩ ራሱም በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ይፈልጋል፤ ለሁለት ስዊች ተብሎ ከሁለቱ ስዊች የበለጠ ጥገና የሚጠይቅ ሰርቨር መትከል ይሆናል። ስዊቾቹ ከአሥር በላይ ሲሆኑ፣ ወይም በየሳምንቱ የዞን ለውጥ የሚደረግበት ቤት ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ከዚያ በታች ግን ገንዘቡ ለዩፒኤስ ባትሪና ለትርፍ ኤስኤፍፒ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። በመስመሩ መሐል ገብተው ብርሃኑን የሚካፈሉ የመለኪያ መሣሪያዎችም አሉ፤ እጅግ ትክክለኛ ናቸው፤ እኛ ካለንበት ደረጃ ግን ሩቅ ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

ሁሉም መንገዶች የሚዘነጉት የብርሃን ኃይል

የትኛውንም ቢመርጡ የኤስኤፍፒውን የመቀበያ ብርሃን ከሚሰበሰቡት ቁጥሮች ውስጥ ያስገቡት፤ ብዙ የተዘጋጁ ቴምፕሌቶች አያካትቱትም። መለኪያው ዲቢኤም ሲሆን፣ 0 ማለት አንድ ሚሊዋት፣ ከዜሮ በታች 3 ማለት የዚያ ግማሽ፣ ከዜሮ በታች 9 ማለት ደግሞ የአንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ከዜሮ በታች 3 ላይ የነበረ ፖርት በሦስት ወር ውስጥ ከዜሮ በታች 9 ከደረሰ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ወርዷል፤ የሲአርሲ ስሕተት ገና ሳይጀምር ገመዱን ለማጽዳት ጊዜ አለ ማለት ነው። ኮምቦልቻ አቧራዋ ብዙ ነው፤ ጀኔሬተር ሲነሣ የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍቶ መተውም ልማድ ሆኗል። የፋይበር ጫፍ ግን በጋቢ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ አይጠረግም፤ ለዚሁ የተሠራ ማጽጃ አለ፤ ያለ እሱ መንካት ጉዳቱን ያብሳል። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደሴ ለሚሠሩ ደግሞ የሙቀት መለኪያውን አብረው እንዲሰበስቡ እመክራለሁ፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት በቆላ ካለው ያነሰ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ሁለት ስዊችና ሁለት ባለሙያ ላለው ቤት የእኔ ምርጫ የኤስኤንኤምፒው መንገድ ነው፤ በየደቂቃው ፍሰትን፣ ጥበቃን፣ ሲአርሲንና ብርሃንን እየሰበሰበ፣ ከጎኑም ማፕስ ወይም ፖርት ሞኒተር ፖርት ሳይዘጋ መዝገብና መልእክት ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ። የትእዛዝ መስመሩ በዚህ አይቀርም፤ ግራፉ የት እንደሆነ ሲጠቁም ምን እንደሆነ የሚነግረው እሱ ስለሆነ፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ትእዛዞቹን ችግር በሌለበት ቀን ሊለማመዱ ይገባል።

አንድ ስዊች ብቻ ኖሮት የክትትል ሰርቨር ለማቆም እንኳ አቅም የሌለው ተቋም ካለ ደግሞ፣ ከማንኛውም ኮምፒውተር በየሰዓቱ ወደ ስዊቹ ገብቶ የቆጣሪዎቹን ውጤት ከነሰዓቱ ወደ ፋይል የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት ይበቃዋል። ግራፍ የለውም፤ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቶ መቀነስ ይጠይቃል። የፖርቱ ቁጥር የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ግን በስዊቹ ላይ በስም ይመዝገብ፤ ገመዱም ላይ ይለጠፍ፤ 14 ቁጥር ፖርት ጥበቃ እንደበዛበት ካወቁ በኋላ ገመዱን ተከትሎ ከመደርደሪያው ጀርባ መግባት፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት በስልክ ባትሪ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚከፋው ክፍል እሱ ነውና።